ከሉሊ ጀርባ የቀሩት፦ የፈረንሳይ ባሮክ ኦፔራ ደራሲዎችን ለምን አናውቃቸውም?

ዩሮቪዥን የተባለውን የዘፈን ውድድር አንዴ እንኳ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ዜማውን ያውቀዋል። ስርጭቱ ሊጀመር ሲል ከበሮው ይመታል፣ መለከቱ ደምቆ ይወጣል። በ2021 ኤደን አለነ እስራኤልን ወክላ ሮተርዳም ላይ ስትዘፍን ለማየት ቴሌቪዥን የከፈተ ሁሉ ሰምቶታል።

የዜማው ባለቤት ማርክ-አንትዋን ሻርፓንቲዬ ይባላል። በ1643 ተወልዶ በ1704 የሞተ ፈረንሳዊ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዜማው የተወሰደው “ቴ ዴዎም” ከተባለ የቤተ ክርስቲያን የምስጋና ሥራው መግቢያ ሲሆን፣ ከ1954 ጀምሮ የአውሮፓ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የጋራ መለያ ሆኗል። ዜማውን ስንት ሚሊዮን ሕዝብ ያውቀዋል! ስሙን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። “ሜዴ” የሚባል ታላቅ ኦፔራ እንደጻፈ የሚያውቅ ደግሞ ከጥቂትም ጥቂት።

ሜዴ በፓሪስ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1693 ነው። ተቋሙ ያንኑ ሥራ መልሶ መድረክ ላይ ያወጣው በ2024 ነው። በመካከሉ 331 ዓመት አልፏል።

ሻርፓንቲዬ ብቻውን አይደለም። ካምፕራ፣ ዴማሬ፣ ዣኬ ደ ላ ጌር፣ ዴቱሽ፣ ኮላስ፣ ሞንቴክሌር የሚባሉ ሰዎች በዚያው ዘመን ኦፔራ ጽፈዋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ሁለት ስም ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያለውን ሉሊንና መጨረሻ ላይ ያለውን ራሞን። የሌሎቹ ሙዚቃ ስለማይረባ አይደለም የተረሱት። አንድ የንጉሥ ፈቃድ፣ አንድ የክፍያ ደንብና አንድ የኅትመት ልማድ ተደራርበው ነው ከመድረክ ያራቋቸው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከሥሩ እንየው።

ኦፔራ ምንድን ነው? የፈረንሳዩስ በምን ይለያል?

ኦፔራ ተዋናዮቹ በመናገር ፈንታ የሚዘፍኑበት ቲያትር ነው። ከመድረኩ ፊት ኦርኬስትራ ይቀመጣል። ግጥሙን አንድ ሰው ይጽፋል፣ ሙዚቃውን ሌላ ሰው ይደርሳል። የግጥሙ ድርሰት ሊብሬቶ ይባላል። ባሮክ የሚባለው ደግሞ በግምት ከ1600 እስከ 1750 ያለው የአውሮፓ የኪነ ጥበብ ዘመን ነው።

ኦፔራ የተወለደው ጣሊያን ውስጥ ነው። ፈረንሳዮች ዘግይተው ቢቀበሉትም በራሳቸው ልክ ሰፉት። በጣሊያኑ ኦፔራ ሕዝቡ የሚጓጓው ዘፋኙ ድምፁን ለሚያሳይበት ረጅም ዘፈን ነበር። የፈረንሳዩ ግን ግጥሙን ያስቀድማል። ዘፋኙ እንደ ተዋናይ እያንዳንዱን ቃል አጥርቶ ማሰማት አለበት። ዋናው ዓይነት “ትራዤዲ አን ሙዚክ” ይባላል፤ በሙዚቃ የተሠራ ትራጄዲ ማለት ነው። አምስት ገቢር አለው። ከፊቱ ንጉሡ የሚወደስበት መቅድም ይቀድማል። በየገቢሩ ጭፈራ አለ፣ መዘምራን አሉ፣ አማልክት በገመድና በመዘውር ከጣሪያ የሚወርዱበት ትርኢት አለ።

የድምፁም ነገር ለየት ይላል። በጣሊያን ጀግናውን የሚዘፍነው ብዙ ጊዜ በልጅነቱ ተሰልቦ ድምፁ ሳይጎረንን የቀረ ወንድ ነበር። ፈረንሳዮች ይህን በኦፔራቸው ውስጥ አልፈለጉም። በምትኩ “ኦት-ኮንትር” የሚባል፣ በተፈጥሮው በጣም ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ መረጡ። ዛሬ እነዚህን ኦፔራዎች መድረክ ላይ ማውጣት ከሚከብድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ዘፋኝ እንደልብ አይገኝም።

ሁሉንም ጠቅልሎ የያዘው ሰው ማን ነበር?

በ1669 ፒየር ፔራን የተባለ ገጣሚ በፈረንሳይኛ ኦፔራ የማሳየት ፈቃድ ከንጉሥ ሉዊ 14ኛ አገኘ። ከሙዚቃ ደራሲው ሮበር ካምቤር ጋር ሆኖ በ1671 “ፖሞን” የተባለውን ሥራ አሳየ። ሕዝቡ ወደደው። ፔራን ግን በዕዳ ተይዞ ወህኒ ወረደ።

ይህን ጊዜ ዣን-ባቲስት ሉሊ ደረሰ። ሉሊ በ1632 ፍሎረንስ ውስጥ የተወለደ ጣሊያናዊ የወፍጮ ቤት ሰው ልጅ ነው። በ14 ዓመቱ ግድም ፈረንሳይ መጣ። በጭፈራው፣ በቫዮሊኑና በብልጠቱ የንጉሡ ቀኝ እጅ ሆነ። በ1672 የታሰረውን የፔራንን ፈቃድ ገዛውና ንጉሡ በስሙ አጸናለት።

የአዲሱ ፈቃድ ቃል ጠንካራ ነበር። ከሉሊ የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ ማንም ሰው ከዳር እስከ ዳር የሚዘፈን ቲያትር ማሳየት አይችልም። ደንቡን የጣሰ ሰው ቲያትር ቤቱ፣ መሣሪያውና ልብሱ ይወረሳል። በዚያ ላይ 10,000 ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ) ይቀጣል። ከቅጣቱ ሲሶው ለንጉሡ፣ ሲሶው ለፓሪስ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ሲሶው ደግሞ ለራሱ ለሉሊ ይገባል። ተወዳዳሪህ ሲቀጣ ገንዘቡ ኪስህ የሚገባበት ሕግ ማለት ነው።

በ1673 ሌላ ትእዛዝ ተጨመረ። በሌሎች ቲያትሮች ውስጥ ከሁለት ዘፋኝና ከስድስት ሙዚቀኛ በላይ ማሰማራት ተከለከለ። አንድ ወፍጮ ብቻ ያለበትን መንደር አስቡት። እህል ሁሉም ያመርታል፤ ማስፈጨት የሚችለው ግን ባለ ወፍጮው የፈቀደለት ብቻ ነው። ካምቤር ፈረንሳይን ለቆ ለንደን ገባና በ1677 እዚያው ሞተ።

በሩ ሲዘጋ ሌሎቹ ምን አደረጉ?

እዚህ ላይ ነው ሻርፓንቲዬ ብቅ የሚለው። ሮም ሄዶ ከጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ከካሪሲሚ ዘንድ እንደተማረ ይነገራል። ሉሊ ከሞልዬር ጋር ሲጣላ፣ ታላቁ የኮሜዲ ጸሐፊ ለመጨረሻ ሥራው ሙዚቃ የሚሠራለት ሰው ፈለገና ሻርፓንቲዬን ጠራ። ሥራው በ1673 ታየ። ሞልዬር ራሱ በአራተኛው ትርኢት ሲተውን ታመመ፤ በዚያው ሌሊት አረፈ።

ሻርፓንቲዬ ለዚህ ቲያትር የጻፈው ሙዚቃ ብዙ ዘፋኝና ብዙ መሣሪያ የሚፈልግ ነበር። ክልከላው ሲመጣ ቆርጦ አሳጠረው። ቆየት ብሎ ሌላ ክልከላ ሲጨመር እንደገና ቆረጠው። የእጅ ጽሑፉ ዛሬም አለ። በአንዱ ላይ “ከክልከላው በፊት” ብሎ ጽፏል፣ በሌላው ላይ “ከክልከላው ጋር”፣ በሦስተኛው ላይ “ለሦስተኛ ጊዜ በሌላ መልክ የተስተካከለ”። ቅሬታ አልጻፈም። በየርዕሱ ላይ ያሰፈራቸው እነዚህ አጫጭር ማስታወሻዎች ግን አንድ ሕግ አንድን ሙዚቃ እንዴት እየሸራረፈ እንደሄደ ከማንም ታሪክ ጸሐፊ በላይ ያሳያሉ።

ቀጥሎ ያሉትን ዓመታት በግል ቤት አሳለፋቸው። ማድሞዋዜል ደ ጊዝ የተባለች ባለጸጋ መስፍናዊት በቤቷ ዘፋኞችና ሙዚቀኞች ነበሯት። ሻርፓንቲዬ እዚያ እየኖረ ይጽፍ ነበር፤ ራሱም በኦት-ኮንትር ድምፁ ይዘፍን ነበር። በጓዳ የሚሠራ ትንንሽ ኦፔራ ከልካይ አልነበረውም። ወጣ ብሎ የሠራው ደግሞ ለኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ነው። በ1688 ሉዊ-ለ-ግራን በተባለው ኮሌጃቸው “ዳዊትና ዮናታን” የተሰኘውን ኦፔራ አሳየ። ቲያትር ቤቱ ቢዘጋበትም በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት በኩል ገባ።

ሉሊ ከሞተ በኋላስ?

ሉሊ የሞተው በ1687 ነው። ንጉሡ ከሕመም ስለዳነ የምስጋና መዝሙር እያስመራ ሳለ፣ ምት የሚጠብቅበትን ረጅም ዘንግ በገዛ እግሩ ላይ መታው። ቁስሉ መረቀዘና ገደለው።

አሁን በሩ ይከፈታል ተብሎ ተጠበቀ። ለስሙ ተከፈተ፤ ሜዴም የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ግን ቲያትር ቤቱ የተላለፈው ለሉሊ አማች ለፍራንሲን ነው። አዲስ ሥራ ታይቶ ሕዝቡ ካልመጣ ፍራንሲን የሉሊን ኦፔራ መልሶ ያወጣል፤ አዳራሹ ይሞላል። ስለዚህ አዲስ ደራሲ የሚወዳደረው አጠገቡ ካለው ደራሲ ጋር ብቻ አልነበረም። ሕዝቡ በቃሉ ከሚያዜመው ከሞተ ሰው ሥራ ጋርም ጭምር ነው።

የገንዘቡ ነገር ይህን አጠነከረው። በ1713 በወጣው ደንብ መሠረት የአንድ ሙሉ ኦፔራ ደራሲ ለመጀመሪያዎቹ 10 ትርኢቶች በየቀኑ 100 ሊቭር፣ ለቀጣዮቹ 20 ደግሞ 50 ሊቭር ይከፈለዋል። ገጣሚውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ሥራው የተቋሙ ንብረት ይሆናል። የድሮ ኦፔራ ለደራሲ ሳንቲም አያስወጣም ማለት ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ሥራ አስኪያጅ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

ለዚህም ነው የሉሊ “ቴዜ” በ1675 ተጀምሮ እስከ 1779 ድረስ መድረክ ላይ የቆየው። ለእኛ አንባቢ የሚቀርብ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ1682 የታየው “ፔርሴ” ታሪኩ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ሴፌ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፣ ካሲዮፕ ንግሥቲቱ፣ አንድሮሜድ ልጃቸው። ልዕልቲቱ ለባሕር አውሬ ልትሰጥ ስትል ፔርሴ ያድናታል። የግሪክ አፈ ታሪክ ስለሆነ የአገራችንን እውነተኛ ታሪክ አንፈልግበትም፤ ግን የኢትዮጵያ ንጉሣዊ ቤተሰብ በፓሪስ መድረክ ላይ በፈረንሳይኛ ሲዘፍን ማሰቡ ደስ ይላል። በ1770 ቬርሳይ ውስጥ አዲሱ የቤተ መንግሥት ኦፔራ አዳራሽ ሲመረቅ፣ ኋላ ሉዊ 16ኛ ለሆነው ልዑልና ለማሪ አንትዋኔት ሠርግ የታየው ይኸው ኦፔራ ነው። ሙዚቃውን ሌሎች ሰዎች አሻሽለውታል፤ ሥራው ግን የ88 ዓመት ዕድሜ ነበረው። በሕይወት ያሉ ደራሲዎች እያሉ!

በሩን ያንኳኩት እነማን ናቸው?

ከሁሉ በፊት ኤሊዛቤት ዣኬ ደ ላ ጌርን ላስተዋውቅ። በ1665 ፓሪስ ውስጥ ተወለደች። አባቷ ኦርጋን ተጫዋች ነው። ገና ሕፃን ሳለች በንጉሡ ፊት ዘፈነች፣ ክላቭሳንም ተጫወተች። ክላቭሳን ከፒያኖ በፊት የነበረ መሣሪያ ነው፤ ክሩን በመዶሻ ከመምታት ይልቅ ይቆነጥጠዋል። በ1677 አንድ የፓሪስ ወርኃዊ መጽሔት ስለ እርሷ ሲጽፍ፣ ከባድ ሙዚቃ አይታው የማታውቀውን ወዲያው አንብባ እንደምትዘፍን፣ ራሷም እንደምትደርስ ተናግሮ ተአምር ብሏታል። የንጉሡ ወዳጅ ማዳም ደ ሞንቴስፓን ቤተ መንግሥት ውስጥ አኖረቻት። በ1684 ማረን ደ ላ ጌር የተባለ ኦርጋን ተጫዋች አገባች።

በ1694 “ሴፋልና ፕሮክሪስ” የተባለው ኦፔራዋ ታየ። በፓሪሱ ተቋም ሴት የደረሰችው ኦፔራ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛዋ ሴት፣ ማድሞዋዜል ዱቫል፣ የመጣችው ከ42 ዓመት በኋላ በ1736 ነው። የዣኬ ደ ላ ጌር ሥራ ግን ጥቂት ቀን ታይቶ ወረደ።

ብዙ ጊዜ ይህ ውድቀት የእርሷ ድክመት ተደርጎ ይወራል። ዘመኑን ማየት ያስፈልጋል። በ1693 እና 1694 ፈረንሳይ ውስጥ ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ የፈጀ ርሃብ ነበር። አገሪቱ ጦርነት ላይ ነች። ሽማግሌው ንጉሥ በድብቅ ባገባት በማዳም ደ ማንትኖን ተጽዕኖ ወደ ጸሎት አዘንብሎ ቲያትር መሄድ ትቷል። ቀሳውስቱ ቲያትርን አጥብቀው ይነቅፋሉ። በእነዚያ ዓመታት የወንዶቹም አዲስ ኦፔራ እየተከታተለ ይወድቅ ነበር። በዚህ ላይ ሴት መሆኗ ምን ያህል እንዳከበደባት መገመት አያዳግትም። ሁለተኛ ኦፔራ ለዚያ መድረክ አልጻፈችም። ባሏና ብቸኛ ልጇ ከሞቱ በኋላ በቤቷ ኮንሰርት እያሳየች ኖረች። ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የተወሰዱ ካንታታዎችንም አሳተመች። ካንታታ ያለ መድረክ ትወና የሚዘፈን አጭር ታሪክ ነው። በ1729 አረፈች።

አንሪ ዴማሬ ደግሞ ሕይወቱ ራሱ ኦፔራ ነው። በ1661 ተወልዶ በንጉሡ ጸሎት ቤት ዘማሪ ልጅ ሆኖ አደገ። በ1693 “ዲዶን” የተባለ ኦፔራው ሲታይ ግጥሙን የጻፈችው ሉዊዝ-ዠኔቪዬቭ ደ ሳንቶንዥ ነበረች፤ ለፓሪስ ኦፔራ ሊብሬቶ የጻፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በዓመቱ “ሲርሴ”ን አስከተለ። ሚስቱ ሞተችበት። ከዚያ ሳንሊስ በተባለች ከተማ ማሪ-ማርግሪት ደ ሳን-ጎቤር ከምትባል የባለሥልጣን ልጅ ጋር ተዋደደ። አባትየው እምቢ አለ። ልጅቱ አረገዘች፤ ሁለቱ ጠፉ። አባቷ በጠለፋ ከሰሰው።

ዴማሬ በ1699 ብራስልስ ገባ። በ1700 በሌለበት ስቅላት ተፈረደበት። አካሉ ስላልተገኘ ምስሉ ተሰቀለ። እርሱ ግን በስፔን ንጉሥ ቤተ መንግሥት፣ ኋላም በሎሬን መስፍን ዘንድ እየሠራ ከማሪ-ማርግሪት ጋር ኖረ። ምሕረት ያገኘው በ1720 ነው። ፓሪስን ግን መልሶ አልያዛትም፤ በ1741 ሉኔቪል ውስጥ ሞተ። ጥሎት የሄደው ያላለቀ ኦፔራ “ኢፊዤኒ በቶሪድ” ነበር። ካምፕራ ጨርሶት በ1704 ታየና ለብዙ ዓመት ተወዶ ቆየ።

ይህ አንድሬ ካምፕራ ከእነዚህ ሁሉ በሙያው የቀናው ሰው ነው። የኤክስ-አን-ፕሮቫንስ ተወላጅ ሲሆን አባቱ ከጣሊያን የመጣ ነው። በ1694 የፓሪስ ኖትር ዳም ካቴድራል የሙዚቃ ኃላፊ ሆነ። በ1697 “ጋለኛዋ አውሮፓ” በሚባል ሥራ “ኦፔራ-ባሌ” የተባለውን አዲስ ዓይነት አስፋፋ። እዚህ አንድ ረጅም ታሪክ የለም፤ እያንዳንዱ ገቢር የራሱ አጭር የፍቅር ታሪክ አለው። በዚህ ሥራ አንዱ ፈረንሳይ፣ አንዱ ስፔን፣ አንዱ ጣሊያን፣ አንዱ ቱርክ ውስጥ ነው። የካቴድራል ሰው ኦፔራ ሲጽፍ ነውር ስለሆነ ስሙን ደበቀ። ከተማው ግን ወዲያው አወቀ፤ ሊቀ ጳጳሱ ሲሰሙ ካምፕራ ከካቴድራላቸው ይባረራል የሚል ግጥም ተዜመ። በ1700 ራሱ ለቀቀ። በ1702 በ“ታንክሬድ” ለዋናዋ ሴት ዝቅ ያለ ድምፅ መረጠ፤ ዘፋኟ በሰይፍ ችሎታዋ ጭምር ስሟ የገነነው ማድሞዋዜል ሞፓን ነበረች። የ1712ቱ “ኢዶሜኔ” ሊብሬቶ ደግሞ ከ69 ዓመት በኋላ ለሞዛርት “ኢዶሜኔዮ” መነሻ ሆኗል።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፍ። አንድሬ ካርዲናል ዴቱሽ በልጅነቱ ከኢየሱሳውያን ጋር እስከ ሲያም፣ የዛሬዋ ታይላንድ ድረስ ተጉዟል። ተመልሶ ወታደር ሆነ፤ ከዚያ በ1697 በ“ኢሴ” ንጉሡን አስደሰተ። ኋላም የኦፔራው ኃላፊ ለመሆን በቃ። ሚሼል ፒኞሌ ደ ሞንቴክሌር በ1732 “ዮፍታሔ”ን ይዞ መጣ፤ በፓሪሱ ኦፔራ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ዣን-ማሪ ለክሌር ታላቅ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። አንድ ኦፔራ ብቻ፣ “ሲላና ግሎኩስ”ን፣ በ1746 አሳየ። በ1764 ፓሪስ ውስጥ በስለት ተወግቶ ተገድሎ ተገኘ፤ ገዳዩ ተለይቶ አልተቀጣም።

ማረን ማሬን ግን ሳልቆም አላልፍም። ቪዮል የተባለውን፣ በጉልበት መካከል ተይዞ የሚጫወቱትን ባለ ደጋን መሣሪያ በመጫወት ወደር አልነበረውም። በ1706 “አልሲዮን” በሚለው ኦፔራው ውስጥ የባሕር ማዕበል አለ። ማሬ ቆዳቸው ላላ ያሉ ከበሮዎች ሳያቋርጡ እንዲንከባለሉ አደረገ። ከሥራቸው ወፍራም ድምፅ ያላቸው የደጋን መሣሪያዎች፣ ከላይ ደግሞ የሚያፏጩ ቫዮሊኖች አሉ። ሰዉ ጉድ አለ፤ ቅንጭቡ ለብቻው ዝና አገኘ።

ኖታው ካለ መጫወት ነው፤ ችግሩ ምን ላይ ነው?

ኖታው ብዙ ጊዜ ጎደሎ ነው። የፈረንሳይ ኦፔራ ኦርኬስትራ የደጋን መሣሪያዎቹ በአምስት ድምፅ የተከፈሉ ናቸው። ከላይ ዋናውን ዜማ የሚይዝ ቫዮሊን አለ። ከታች ባስ አለ። በመካከል ሦስት ድምፆች ሆነው ሙዚቃውን የሚያወፍሩት አሉ። ሉሊ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው የላዩንና የታቹን ነበር። የመካከሉን ረዳቶቹ ይሞሉታል፤ ከእነሱ ዋናው ፓስካል ኮላስ ነው። ኮላስ በ1689 በራሱ “ቴቲስና ፔሌ” ትልቅ ስኬት አግኝቷል። ሰዎች ግን ከሉሊ የተረፈ ወረቀት ነው እያሉ ያሙት ነበር። የጌታውን ሙዚቃ ግማሽ የሞላ ሰው የራሱን ሲጽፍ ሌባ መባሉ ያሳዝናል።

ኅትመት ውድ ስለነበር ብዙ ኦፔራ የታተመው በአጭሩ ነው፤ ዜማው፣ ባሱና የዘፋኞቹ ቃል ብቻ። የመካከሉ ድምፅ በቲያትር ቤቱ ወረቀቶች ላይ ይቀራል። ወረቀቱ ከጠፋ ዛሬ ያንን ኦፔራ ማሳየት የሚፈልግ ሰው የጎደሉትን ሦስት ድምፆች በዘመኑ ልማድ መሠረት እንደገና መጻፍ አለበት። ይህ የወራት ሥራ ነው፤ ከፋይ ይፈልጋል።

ሻርፓንቲዬ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። የእጅ ጽሑፎቹን አስተካክሎ ያስቀምጥ ነበር። ከሞተ በኋላ ወራሾቹ በ1727 ለንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ሸጧቸው። ዛሬ በ28 ትልልቅ ጥራዞች በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አሉ።

ከዚያስ እንዴት ሙሉ በሙሉ ጠፉ?

በ1733 ዣን-ፊሊፕ ራሞ በ50 ዓመቱ የመጀመሪያ ኦፔራውን፣ “ኢፖሊትና አሪሲ”ን አሳየ። ሽማግሌው ካምፕራ ሰምቶ “በዚህ ኦፔራ ውስጥ ለአሥር ኦፔራ የሚበቃ ሙዚቃ አለ” እንዳለ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ሉሊ ወይስ ራሞ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ትውልድ ከወሬው ወጣ።

በ1752 ደግሞ የጣሊያን ዘፋኞች ፓሪስ መጥተው አጭር አስቂኝ ኦፔራ አሳዩ። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ፈላስፋው ሩሶ በ1753 በጻፈው ደብዳቤ ፈረንሳዮች ሙዚቃ የላቸውም እስከማለት ደረሰ። በ1770ዎቹ ግሉክ የተባለ የሙዚቃ ደራሲ አዲስ ስልት አመጣ። በ1789 አብዮቱ ሲፈነዳ ንጉሥ የሚያወድስ መቅድም ያለው ቲያትር መድረክ ሊያገኝ አይችልም ነበር።

አሁን ማን አነሣቸው?

በ1979 ዊልያም ክሪስቲ የተባለ ፈረንሳይ የሚኖር አሜሪካዊ ክላቭሳን ተጫዋች አንድ ቡድን አቋቋመ። ስሙን “ሌዛር ፍሎሪሳን” ያለው ከሻርፓንቲዬ ትንሽ ኦፔራ ወስዶ ነው። በ1984 ሜዴን ቀረጸ። በ1987 የሉሊን “አቲስ” በፓሪስ ሲያሳይ የጥንቱ ኦፔራ እንደገና አዳራሽ መሙላት እንደሚችል ታየ። በዚያው ዓመት የቬርሳይ የባሮክ ሙዚቃ ማዕከል ተቋቋመ። ማዕከሉ የእጅ ጽሑፍ ያጠናል፣ ኖታ ያርማል፣ ዘፋኝ ያሠለጥናል። በ2024 ሜዴን በፓሪስ ኦፔራ የመራውም ክሪስቲ ነው። የዴማሬ “ሲርሴ” ደግሞ በ2023 በቦስተን የጥንት ሙዚቃ ፌስቲቫል ታይቷል።

እነዚህ ቡድኖች የሚጫወቱት በዘመኑ ዓይነት መሣሪያ ነው። ቃናውም ከዛሬው ኦርኬስትራ አንድ ሙሉ ድምፅ ገደማ ዝቅ ይላል። ይህ ለጌጥ አይደለም። ኦት-ኮንትሩ ሳይጮኽ የሚዘፍነው በዚያ ከፍታ ስለሆነ ነው።

መስማት ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ከሜዴ ሦስተኛ ገቢር ጀምሩ። ባሏ ዣዞን በሌላ ሴት እየከዳት ያለችው ሜዴ ብቻዋን ትቀራለች። ቫዮሊኖቹ ድምፃቸው ታፍኖ ቀስ ብለው ይገባሉ። እርሷ ስለ ፍቅሬ የከፈልከኝ ዋጋ ይኼ ነው ወይ እያለች ታለቅሳለች። ገና ገቢሩ ሳያልቅ ያቺው ሴት የሲኦል አጋንንትን ጠርታ ለተቀናቃኟ የምትሰጠውን ቀሚስ በመርዝ ታስነክረዋለች። ሻርፓንቲዬ የሚያስፈራንን ሴት አስቀድሞ እንድናዝንላት ያደርገናል። እኔ በሙዚቃ ከሰማኋቸው የሰው ልጅ ምስሎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ቀጥሎ ለማዕበሉ የማሬን “አልሲዮን”፣ ለጭፈራው የካምፕራን “ጋለኛዋ አውሮፓ” ስሙ። የዣኬ ደ ላ ጌር “ሴፋልና ፕሮክሪስ”ም ሙሉው ተቀርጿል፤ በተለመዱት የሙዚቃ መተግበሪያዎች ላይ በደራሲዋ ስም ፈልጉት። ሦስት ሰዓት በአንዴ መቀመጥ የግድ አይደለም። አንድ ገቢር በአንድ ምሽት ይበቃል፤ ከመጀመራችሁ በፊት ግን የታሪኩን ጭብጥ አንብቡ። ሙዚቃው ቃሉን ተከትሎ ስለሚሄድ ማን ማንን እንደሚወድ ካላወቃችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል።